ሁለንተናዊ የማስታወስ ልምምድ፦ አዛውንቱ ሲሳሳቱ አሰልጣኙ ምን ያደርጋል?

የማስታወስ ችግር ላለባቸው አረጋውያን «ሁለንተናዊ የማስታወስ ልምምድ» እየተባለ የሚቀርበው አገልግሎት በሦስት መልክ ይመጣል፦ በአሰልጣኝ የሚመራ የቡድን ልምምድ፣ ለቤት የሚሆን የመልመጃ መጽሐፍና ካርድ፣ እንዲሁም የስልክ ወይም የታብሌት መተግበሪያ። ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ስም ይለጠፋል፤ የሚሠሩት ሥራ ግን ለየቅል ነው። «ሁለንተናዊ» ሲባል መሸምደድ ብቻ ሳይሆን ትኩረት፣ ቃል ፍለጋ፣ ማገናዘብ፣ ማየትና መዳሰስ፣ የሰውነት እንቅስቃሴና ጨዋታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አብዛኛው አገልግሎት የሚወድቀውም በሐሳቡ ሳይሆን በአንዲት ትንሽ ቅጽበት ነው፦ አዛውንቱ ተሳስተው ሲመልሱ። ያን ጊዜ አሰልጣኙ «አይደለም፣ ትንሽ ያስቡ እንጂ» ካለ የሚሰጠው ልምምድ አይደለም፣ ፈተና ነው።

ጤነኛ ሰው ሲሳሳት መሳሳቱን ስለሚያስታውስ በሚቀጥለው ያርማል። ማስታወስ ያቃተው ሰው ግን «ተሳስተሃል» የተባለው ይጠፋበትና ከአፉ የወጣው የተሳሳተ ቃል ይቀርለታል። በሚቀጥለው ጊዜ ቀድሞ የሚመጣለት ያው ስህተት ነው። አለን ባድሌይና ባርባራ ዊልሰን በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከባድ የመርሳት ችግር ያለባቸው ሰዎች ግምት እንዳይሰነዝሩ ተደርገው ሲማሩ የተሻለ እንደሚይዙ አሳይተዋል። ስለዚህ አገልግሎቱን ከመግዛት በፊት 20 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማየት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ ስህተት እንዴት እንደሚያዝ ሳይታይ ገንዘብ አይከፈልም።

በደንብ ሲሠራ ምን እንደሚመስል በቅርብ እንየው። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ የሚጠፋባቸው እናት አሉ እንበል። መጀመሪያ ቁልፉ አንድ ቋሚ ቦታ ይሰጠዋል፤ በሩ አጠገብ ያለ ሰማያዊ ሳህን። አሰልጣኟ መልሱን ራሷ ትናገራለች፦ «ቁልፍዎ የሚቀመጠው ሰማያዊው ሳህን ውስጥ ነው። ቁልፍዎ የት ነው የሚቀመጠው?» እናት ወዲያው ይመልሳሉ። ያንኑ ጥያቄ በ15 ሰከንድ ትደግማለች፤ ከዚያ በ30፣ በ1 ደቂቃ፣ በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ16። በመሃል ሌላ ወሬ ወይም ጨዋታ ይገባል እንጂ ዝም ብሎ ሰዓት አይጠበቅም። መልሱ ከጠፋባቸው ሳይጎተት ይነገራቸዋል፣ ይደግሙታል፣ ክፍተቱም መጨረሻ በትክክል ወደመለሱበት ይመለሳል፤ በ4 ደቂቃ መልሰው በ8 ከሳቱ የሚኬደው ወደ 4 ነው፣ ወደ 15 ሰከንድ አይደለም። በማግስቱ ክፍለ ጊዜው የሚከፈተው በዚያው ጥያቄ ነው። ሦስት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ መጀመሪያ ሲጠየቁ ከመለሱ ነገሩ ተይዟል። ደግሞም መልሱ በአፍ ብቻ አይቀርም፤ እየተናገሩ በእጃቸው ቁልፉን ሳህኑ ውስጥ ያስቀምጣሉ።

ክፍተቱን እያስረዘሙ የመጠየቁ ነገር በ1978 እ.ኤ.አ. ቶማስ ላንዳወርና ሮበርት ብዮርክ በጤነኛ ሰዎች ላይ ያሳዩት ነው፤ ካሜሮን ካምፕ የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሰዎች እንዲሆን አመጣው። ቀላል ይመስላል፤ ቤት ሲደርስ ግን ይበላሻል። ልጅ ገብታ «እማዬ፣ ቁልፉን ደግሞ የት ጣልሽው?» ስትል ጥያቄው ሌላ ሆነ። እናት የተለማመዱት «ቁልፍዎ የት ነው የሚቀመጠው?» ለሚለው ነው፤ «የት ጣልሽው» ለሚለው መልስ የላቸውም፣ ያለው ወቀሳ ብቻ ነው። ሌላው ብልሽት ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት መጀመር ነው፤ የመድኃኒቱ ሳጥንና የቁልፉ ሳህን ይምታታሉ። መልሱ ከአምስት ስድስት ቃል በላይ ሲረዝምም አይያዝም። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ቤት የሚያጸዳ ሰው ሳህኑን ማንሳቱ ነው። የወር ሥራ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። ጥሩ አገልግሎት የጥያቄውን ቃል በወረቀት ጽፎ ለቤተሰብ ይሰጣል፤ የማይሰጥ ከሆነ ተቀበሉት ብለን አንመክርም።

ወደ ቡድኑ ልምምድ እንምጣ። በዚህ ዘርፍ ጠንካራ ማስረጃ ያለው የአእምሮ ማነቃቂያ ሕክምና የሚባለው በእንግሊዝ የተዘጋጀ ሥርዓት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ኤሚ ስፔክተርና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት 201 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ልምምዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 45 ደቂቃ፣ ለ7 ሳምንት፣ በድምሩ 14 ክፍለ ጊዜ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን ያወጣው ግምገማ 37 ጥናቶችን ደምሮ ያየው ጥቅም ትንሽ ነው፤ በአማካይ የበሽታውን መግፋት ስድስት ወር ያህል እንደማዘግየት። ይህን ቁጥር የሚያውቅ አሰልጣኝ «ትዝታዎ ይመለሳል» አይልም። የሚል ካለ ከበሩ ተመለሱ። 14 ክፍለ ጊዜም የመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው፤ ቀጥሎ በሳምንት አንዴ ለ24 ሳምንት የሚሄድ ማቆያ ዙር አለው። ልምምዱ ሲቆም ያተረፈው ነገር ቀስ በቀስ ይረግባል። «በሁለት ቀን ስልጠና» ብሎ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው።

ቡድኑ ከ5 እስከ 8 ሰው ቢሆን ይበቃል። 12 ሰው ሲሆን ሦስቱ ይመልሳሉ፣ ዘጠኙ ያያሉ። ደረጃውም መቀላቀል የለበትም፤ ቀላል የማስታወስ መቀነስ ያለበት ሰውና መካከለኛ የመርሳት በሽታ ላይ የደረሰ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያው «ነገ እንዲህ ልሆን ነው» ብሎ ይፈራል፣ ሁለተኛው ያፍራል። ሁለቱም በሦስተኛው ሳምንት ይቀራሉ። አዘጋጆች ብዙ ጊዜ ይህን «ፍላጎት ማጣት» ብለው ይመዘግቡታል።

ክፍሉን እዩ። አሰልጣኙ ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ ከቆመ ፊቱ ጥላ ይሆናል፤ ጆሮአቸው የደከመ ሰዎች ደግሞ ግማሹን የሚሰሙት ከከንፈር ነው። ወንበሩ የእጅ መደገፊያ ያለው፣ ጠረጴዛው የማያንጸባርቅ መሆን አለበት። ቀኑ፣ ወሩና የተሰብሳቢዎቹ ስም በትልቁ ሰሌዳ ላይ አስቀድሞ ይጻፋል። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ አዛውንት ላይ ማፍጠጥ ዋናው ነውር ነው፤ «ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ እንግዲህ ሳምንቱ ገና ነው» ብሎ መጀመር ግን ያው መረጃን ያለ እፍረት ይሰጣል።

ከልምምዶቹ ውስጥ ዕቃ ሸፍኖ ማስታወስ የሚባለው በየቦታው አለ፤ በየቦታውም ይበላሻል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ በነጭ ጨርቅ ላይ 5 ዕቃ፤ ማንኪያ፣ መቀስ፣ ቁልፍ፣ ክር፣ ሻማ። ተሳታፊው እያንዳንዱን ያነሳል፣ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ለምን እንደሚያገለግል ይናገራል። ከዚያ አብረው ይመድባሉ፤ የሚቆርጥ፣ የሚከፍት፣ የሚበራ። አንድ ደቂቃ ታይቶ ይሸፈናል። መያዣው ያለው በመንካቱ፣ በመጥራቱና በመመደቡ ነው፤ ዓይን ብቻውን አያቆይም። ልማዱ ግን 12 ዕቃ በጥቁር ጨርቅ ላይ ደርድሮ፣ 30 ሰከንድ አሳይቶ «ስንት አስታወሱ?» ማለት ነው። ይህ ማንንም አያሠለጥንም፤ ማን ደከመ የሚለውን በአደባባይ ያሳያል። አምስቱ ያለ ችግር ሲያዙ ስድስተኛ ይጨመራል፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አይጨመርም።

በአማርኛ ለሚለማመዱ ሰዎች ደግሞ የራሱ ጣጣ አለ። ከሌላ ቋንቋ የተገለበጠ መልመጃ «በ‹መ› የሚጀምሩ ቃላት ይጥሩ» ይላል። መሄድ፣ መብላት፣ መተኛት፣ መነሳት፣ መቀመጥ፤ እስከ ማታ ይቀጥላል፣ ምክንያቱም ንዑስ አንቀጽ ሁሉ በ«መ» ወይም በ«ማ» ይጀምራል። «የ»፣ «በ»፣ «ለ» እና «ከ» ደግሞ ስም ላይ ሁሉ ይለጠፋሉ። «ዠ» ሲሰጥ ጠረጴዛው ዝም ይላል። የሚሠራው «ሰ»፣ «ደ»፣ «ቀ» ወይም «ገ» ተሰጥቶ ስም ብቻ ሲፈቀድ፣ ሰባቱም የፊደሉ ዘር ሲቆጠር ነው፤ ቀበቶ፣ ቁልፍ፣ ቂጣ፣ ቃሪያ። ፊደል አዟዙሮ ቃል ማግኘትም እንዲሁ ነው። ባለ 3 ፊደል ቃል 6 አቀማመጥ አለው፣ ባለ 4ቱ 24፤ መጀመር ያለበት ከ3 ነው። «ለ-በ-ሰ» ሲሰጥ መልሱ ለበሰ ነው የሚል የመልስ ቁልፍ ያለው መጽሐፍ ግን «በሰለ» እና «ሰለበ» ያሉትን ሁለት አዛውንቶች ተሳስተዋል ሊላቸው ነው። ሦስቱም ቃል ናቸው። እንዲያውም ሦስቱንም ያወጣ ቡድን ከመልመጃው ደራሲ የተሻለ ሠርቷል።

ተረትና ምሳሌ ከማንኛውም የተተረጎመ ካርድ ይበልጣል። «ድር ቢያብር» ሲባል ቀሪው ከብዙ አፍ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሌላ ነገር የጠፋባቸው ሰዎች ይህን አያጡትም፣ ፊታቸውም ይፈታል። እዚያ ላይ ካቆመ ግን መዝናኛ ሆኖ ቀረ። ቀጣዩ እርምጃ «ይህ ለማን፣ መቼ ይባላል?» የሚለው ነው፤ ያኔ ከተሸመደደ ቃል ወደ ማገናዘብ ይሻገራል። እንቆቅልሽም ጥሩ ነው፣ ጠያቂውና ተጠያቂው እስከተፈራረቁ ድረስ። ሁልጊዜ አሰልጣኙ ጠያቂ፣ አዛውንቱ መላሽ ከሆኑ ተመልሶ ፈተና ነው። ማንበብ የማይችሉ ተሳታፊዎች ባሉበትም ከዚህ የተሻለ መልመጃ የለም፤ ወረቀትና እርሳስ ላይ የተንጠለጠለ አገልግሎት እነዚህን ሰዎች «ደካማ» ብሎ ይመድባቸዋል፣ ችግሩ የትምህርት እንጂ የማስታወስ ሳይሆን።

ስለ አጠራርም አንድ ነገር። በ«አንተ» እና በ«አንቺ» የሚጠሩ፣ «ጎበዝ! ጎበዝ!» እያሉ የሚያጨበጭቡ ወጣት አሰልጣኞች አሉ። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው ሕፃን ሆኖ አልተመለሰም። አንቱታ እዚህ ጌጥ አይደለም፣ የአገልግሎቱ አካል ነው።

የሰውነት እንቅስቃሴው ክፍል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፣ ግን ከቃል ሥራ ጋር ካልተያያዘ ለማስታወስ ልምምዱ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ተቀምጦ ቀኝ እጅ ግራ ጉልበት፣ ግራ እጅ ቀኝ ጉልበት እየነኩ የሳምንቱን ቀኖች መጥራት፤ ሲለመድ ከእሑድ ወደ ኋላ። ለስላሳ ኳስ እየወረወሩ የአትክልት ስም መናገር። ቆሞ የሚሠራ ነገር ሲመጣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የስዊድን ጥናት እየተራመዱ ሲያወሩ የሚቆሙ አዛውንቶች የመውደቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። እግርና አእምሮ አንድ ትኩረት ይሻማሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አብሮ እየተራመዱ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ለመመለስ እርምጃውን ያቆመ ሰው መልመጃውን ተቀምጦ ይሠራል። ይህን የማያይ አሰልጣኝ ዳሌ ያሰብራል።

የመልመጃ መጽሐፍ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ፊደሉ 18 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ፣ ወረቀቱ የማያብለጨልጭ፣ በአንድ ገጽ አንድ ሥራ፣ መልሱ እዚያው ከጀርባ እንጂ በመጽሐፉ መጨረሻ ያልሆነ። የሕፃናት ሥዕል ያለበትን ተዉት። የቀን ሥራ የሚያስለምድ ምዕራፍ፣ ለምሳሌ የመድኃኒት ሰዓት ወይም የስልክ ቁጥር፣ ከሌለው ቃል መፈለጊያ ነው፤ ቃል መፈለጊያ ደግሞ ርካሽ ሞልቷል።

መተግበሪያዎቹ ላይ አስተያየታችን ጠንከር ይላል። በጥር 2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሉሞሲቲ የተባለውን የአእምሮ ጨዋታ መተግበሪያ የሚያቀርበው ኩባንያ በማስታወቂያው ሸማቾችን አሳስቷል ብሎ ከሶት በ2 ሚሊዮን ዶላር ተስማምተዋል። ክርክሩ የነበረው ጨዋታው ዋጋ የለውም በሚል ሳይሆን መርሳትን ያዘገያል የሚለው ቃል ማስረጃ የለውም በሚል ነው። ሌላው ወገን እንዳይዘነጋ፦ አክቲቭ የተባለው ሰፊ ጥናት 2,832 ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን በአራት ቡድን ከፍሎ ሦስቱን 10 ክፍለ ጊዜ አሠልጥኖ ነበር። የማገናዘብና የፍጥነት ልምምድ የወሰዱት ከ10 ዓመት በኋላም በዚያው በተለማመዱት ነገር ብልጫ አሳይተዋል፤ የማስታወስ ልምምዱ ብልጫ ግን እስከዚያ አልቆየም። ተሳታፊዎቹ ሲጀመር የመርሳት በሽታ ያልነበረባቸው ሰዎች እንደነበሩም አስተውሉ። መተግበሪያ ሻጮች ይህን ጥናት ይዘው በሽተኛ ያለበት ቤት ይገባሉ። ዋናው ትምህርት፣ የተለማመዱት ነገር ይሻሻላል፣ ያልተለማመዱት ባለበት ነው። በስክሪን ላይ ጥንድ ካርድ የሚያዛምዱ አዛውንት ካርድ በማዛመድ ይጎብዛሉ፤ ምድጃው መጥፋቱን ግን አያስታውስላቸውም።

በእጅ ሲያዝ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ደረቅ የሆነ የአዛውንት ጣት ስክሪኑ ላይ ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጫን መተግበሪያው «ተሳስተዋል» ይላል። ወፍራም ጫፍ ያለው የስክሪን እስክርቢቶ ይህን ይፈታል። ሰዓት ቆጣሪው ካልጠፋ፣ የስህተት ድምፁ ካልተዘጋ፣ ደረጃውም ሳይጠየቅ ራሱን ከፍ የሚያደርግ ከሆነ አትግዙት። በየወሩ ራሱ የሚታደስ ክፍያ ላይ መሰረዣው ካልተገኘም እንዲሁ፤ ከፋዩ የመርሳት ችግር ያለበት ሰው ነውና ይህ ቀልድ አይደለም።

«እኛው ቤት ውስጥ ብናሠራቸውስ?» ለሚሉ ቤተሰቦች የሚጠቅም እውነታ አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የታተመ ጥናት 356 ጥንዶችን፣ ማለትም ታማሚና ተንከባካቢን፣ አሳትፎ ግማሽ ያህሉን በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ30 ደቂቃ ለ25 ሳምንት በቤት አሠርቶ የማስታወስ ችሎታ ላይ ለውጥ አላገኘም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ግን ታማሚዎቹ እንደተናገሩት ተሻሽሏል። ስለዚህ ቤት ውስጥ መጫወት ለመቀራረብ ይሁን፤ ቡድኑን ይተካል ተብሎ አይከፈልበት።

አገልግሎቱ «ውጤት» ብሎ የሚያሳየው ወረቀትም ይመርመር። ከ30 የሚታረመውን አጭር የአእምሮ ምርመራ በየሳምንቱ ከሰጡ ውጤቱ በመደጋገም ብቻ ከፍ ይላል፤ ጥያቄዎቹ ያው ናቸውና። የሚያስተማምነው ሲጀመር ከቤተሰቡ ጋር ሁለት ወይም ሦስት የቀን ሥራ ተመርጦ ሲመዘገብ ነው፦ «በሳምንት ቁልፍ የጠፋው 5 ጊዜ»፣ «መድኃኒት የታለፈው 3 ጊዜ»። በ7ኛው ሳምንት ያው ይቆጠራል።

«ሁለንተናዊ» የሚለው ስም ከኋላው እንክብልና ዘይት ሲያስከትል ደግሞ ጠንቀቅ ማለት ነው። ለማስታወስ ይረዳል እየተባለ ስለሚሸጠው የጂንኮ ቅጠል በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰፊ ጥናት 3,069 ዕድሜያቸው 75ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ተከታትሎ የመርሳት በሽታን እንደማይቀንስ አሳይቷል፤ ልምምዱንና እንክብሉን በአንድ ጥቅል የሚሸጠው ሰው ይህን እንደማያውቅ ማስመሰሉ ያስገርማል።

በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ የሐኪም ምርመራ የማይጠይቅ አገልግሎት አንድ ትልቅ ነገር ዘልሏል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መዳከም፣ ድብርት፣ በእንቅልፍ መሃል የትንፋሽ መቆራረጥ፣ የድሮዎቹ የአለርጂና የእንቅልፍ መድኃኒቶች፤ እነዚህ ሁሉ መርሳትን ይመስላሉ ወይም ያባብሳሉ፣ ሊታከሙም ይችላሉ። በቀናት ውስጥ በድንገት የመጣ ግራ መጋባት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የልምምድ አይደለም፤ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ አጣዳፊ ነገር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው። መስማትም ይመርመር፤ ያልሰሙትን ቃል ማንም አያስታውሰውም፣ ከልምምድ ክፍል «አልያዙም» ተብለው ከሚመለሱት ውስጥ በጆሮ ሰም የተደፈኑ አይጠፉም።

ውሉ ላይ ሁለት መስመር ፈልጉ። አንዱ በሕመም ያለፈ ክፍለ ጊዜ የሚተካ ወይም የሚመለስ መሆኑ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ከ14 ሁለት ሦስቱ መቅረታቸው የተለመደ ነው። ሁለተኛው ሰዓቱን መቀየር መቻሉ ነው። አዛውንቱ ከመሄዳቸው በፊት የሚነጫነጩ ወይም እዚያ የሚያንቀላፉ ከሆነ ወዲያው አታቋርጡ፤ ከሰዓት የነበረውን ወደ ረፋድ አዙሩትና ሁለት ሳምንት እዩ። ረፋድ ላይም እንዲሁ ከሆኑ፣ ሲሳሳቱ አሰልጣኙ ምን እንደሚላቸው ሄዳችሁ ስሙ።